ለከተማ የሚሸጠው የመዝናኛ ፓርክ፦ ከመፈረም በፊት የሚመዘን

ለከተማ አስተዳደሮች የሚቀርበው የመዝናኛ ፓርክ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ አሻሻጭ አለው። ጥቅሉም ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፦ በኮምፒውተር የተሣለ የሚያብረቀርቅ ሥዕል፣ የአዋጭነት ጥናት፣ «በዓመት ይህን ያህል ሕዝብ፣ ይህን ያህል ሥራ» የሚል አንድ ገጽ፣ ከኋላው ደግሞ የመሬት፣ የመንገድና የግብር እፎይታ ጥያቄ። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ ጥቅል ነው፤ ገዢው ከተማው፣ ሻጩ አልሚው ነው። ፍርዳችንን አናቆየውም፦ ከተማ መሬት አከራይ ሆኖ ቢገባ ሊጠቀም ይችላል፤ የፓርኩ ባለቤት ወይም የብድሩ ዋስ ሆኖ ከገባ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆጨዋል። የሚያስቆጨው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ያለው ሒሳብ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ስለዚያ ሒሳብ ብዙ ማውራት አይወድም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎብኚው ቁጥር እንጀምር። ጥናቱ «በዓመት 1 ሚሊዮን ሰው» ይላል እንበል። ምክር ቤቱ ይህን ለ365 ያካፍልና በቀን 2,740 ሰው ይመጣል ብሎ ይቀመጣል፤ መንገዱም መጸዳጃ ቤቱም በዚያ ልክ ይታሰባል። ፓርክ ግን እንዲያ አይሞላም። የሙያው ስሌት እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ከዓመቱ ጎብኚ 15 በመቶው በአንድ ከባድ ወር ይመጣል፤ ይህ 150,000 ሰው ነው። ለ4.43 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 33,900 ገደማ። ከሳምንቱ 20 በመቶው በአንዱ ደማቅ ቀን ይገባል፤ 6,800 ገደማ። ከእነዚህ ውስጥ 70 በመቶው፣ ማለትም 4,700 ያህሉ፣ በአንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ፓርኩ የሚነደፈው ለዚህ ሕዝብ ነው። መቶኛዎቹ እንደ አየር ንብረቱና እንደ ትምህርት ቤት ዕረፍቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ በብርድ ወራት የሚዘጋ ፓርክ ከሆነ የከባዱ ወር ድርሻ ከ20 በመቶም ሊያልፍ ይችላል። ጥናቱ ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ ካላሳየ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። ብድሩን ለመክፈል ከሚያስፈልገው ገቢ ተነስቶ ወደ ኋላ የተቆጠረ የጎብኚ ቁጥር በዚህ ገበያ ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ያንኑ 4,700 ሰው ይዘን ወደ መኪና ማቆሚያ እንሂድ። ከመቶው 80ው በመኪና ቢመጣና በአንድ መኪና በአማካይ 3.2 ሰው ቢኖር 1,200 ገደማ መኪና ይቆማል። ለአንድ መኪና ከመዘዋወሪያው ጋር 28 ካሬ ሜትር ብንይዝ 3.4 ሔክታር አስፋልት ማለት ነው። በዚያ አስፋልት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከ1,300 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ መሄጃ ይፈልጋል። ቦዩ ያልታሰበለት ከሆነ ውኃው የሚገባው ከታች ያለው ሰፈር ነው፤ ቅሬታውም የሚመጣው ለፓርኩ ሳይሆን ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። መውጫውም እንዲሁ። ሰው ሲገባ ጠዋት ተንጠባጥቦ ነው፤ ሲወጣ ግን መብራቱ ሲጠፋ በአንድ ላይ ነው። የትራፊክ መብራት ያለበት አንድ የመኪና መስመር በሰዓት ከ600 እስከ 800 መኪና ቢያሳልፍ ነው፤ 1,200ውን በአንድ ሰዓት ለማውጣት ሁለት መስመር ግድ ይላል።

አሁን ወደ ግቢው ውስጥ። የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ ጎብኚ በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ጊዜ ጨዋታ ላይ (ማለትም ሰው በሚዝናናበት ማሽን ላይ) የመሳፈር ዕድል ማቅረብ ነው፤ ለ4,700 ሰው ቢያንስ 7,000 ያህል መቀመጫ በየሰዓቱ ይዞራል ማለት ነው። አምራቾች ብሮሹር ላይ የሚጽፉት ግን የወረቀቱን አቅም ነው። 24 ሰው የሚጭን የሮለር ኮስተር (ባጭሩ ኮስተር፤ በሚወጣ በሚወርድ ጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚከንፍ ጨዋታ) ባቡር በየ60 ሴኮንዱ ቢነሳ በሰዓት 1,440 ሰው ያሳፍራል። ጣቢያው ላይ ቆሞ ሰዓት መያዝ እውነቱን ያወጣዋል። ባቡሩ ይቆማል፤ የወረዱት ከማዶ ያስቀመጡትን ቦርሳ ይፈልጋሉ፤ አዲሶቹ ሲገቡ አንዱ ቤተሰብ ሦስት ሆኖ ባለ ሁለት ወንበር ረድፍ ላይ አንድ ባዶ ይተዋል፤ ጭን ላይ የሚወርደው ብረት ይዘጋል፤ ሠራተኛው እያንዳንዱን በእጁ ወደ ላይ ስቦ ይፈትናል፤ አንዷ መነጽሯን ያላወለቀች ትገኛለች፤ ብረቱ ይከፈታል፤ እንደገና ፍተሻ። 100 ሴኮንድ አለፈ። በሰዓት 864 ሰው፤ ከብሮሹሩ 40 በመቶው ጠፋ። ይህ ሳይሰበር፣ ሳይዘንብና ሳይነፍስ ነው። መፍትሔውም አዲስ ጨዋታ መግዛት ላይሆን ይችላል፤ አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ፣ ከመሳፈሪያው በፊት የሚቀር የቦርሳ ሳጥንና ብቻቸውን ለመጡ ሰዎች የተለየ ሰልፍ ብዙውን ጊዜ ከጠፋው ግማሹን ይመልሳሉ። ይህን የማያውቅ አስተዳዳሪ ሰልፍ ባየ ቁጥር ብድር ይጠይቃል።

ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል? የበሩ ትኬት በአብዛኛው ከገቢው ግማሽ ገደማ ነው፤ የቀረው ከምግብ፣ ከመጠጥ፣ ከአሻንጉሊትና ከመኪና ማቆሚያ ይሰበሰባል። ሻጩ «አካባቢው ያሉ ምግብ ቤቶች ይጠቀማሉ» ሲል ጥርጣሬ የሚገባውም ለዚህ ነው። ብዙ ፓርኮች ከውጭ ምግብ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ግቢ ውስጥ ይቆያል፤ ምሳውን እዚያው በልቶ ልጆቹ ደክመው መኪናው ውስጥ ተኝተው ወደ ቤት ይሄዳል። አጥሩ ኪስን ውስጥ ለማቆየት የተሠራ ነው። ጎብኚዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ የዚያው ከተማ ነዋሪዎች ከሆኑ አዲስ ገንዘብ አልመጣም፤ ሲኒማና ካፌ ላይ ይወጣ የነበረው አቅጣጫ ቀየረ እንጂ። ስለዚህ በጥናቱ ውስጥ መፈለግ ያለበት ወሳኝ ቁጥር አንድ ነው፦ ከመቶ ጎብኚ ስንቱ ከከተማው ውጭ መጥቶ ያድራል? ሌሊት የማያሳድር ፓርክ ለነዋሪው መዝናኛ ነው። እንደ መናፈሻ ይታይ፤ እንደ ኢንዱስትሪ አይሸጥ።

የሥራ ዕድሉም ሲመነዘር ይሳሳል። «300 ሥራ» የሚለው መስመር ለአራት ወር የሚቀጠር ሠራተኛ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲሰላ 100 ሥራ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም ይህን በረጅሙ ተምራዋለች። የዲዝኒ ኩባንያ ፓርክ የሆነው ዲዝኒላንድ እዚያ የተከፈተው በ1955 ነው፤ ከተማዋ በ1997 ለመዝናኛው ቀጠና ማስፋፊያ 510 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ በዚያ ገንዘብ የተሠራው ግዙፍ መኪና ማቆሚያም ለኩባንያው በዓመት በ1 ዶላር ተከራየ። የሠራተኛው ደመወዝ ከቤት ኪራዩ ጋር አልገጥም ሲል በ2018 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ፣ ከከተማዋ ድጎማ የሚያገኙ የመስተንግዶ ድርጅቶች ቢያንስ በሰዓት 15 ዶላር እንዲከፍሉና ክፍያው በየዓመቱ እንዲጨምር ወሰነ። ያ የ1997 ስምምነት «ድጎማ» ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ገብቶ በ2023 ለሠራተኞቹ ተፈረደ። ፓርኩ ለአናሃይም ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ የሆቴል አልጋ ግብሩ ከከተማዋ ዋና ገቢዎች አንዱ ነው። ግን የደመወዝ አንቀጽ ከቦንዱ ጋር አብሮ በ1997 ቢጻፍ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ሙግት ባልጠየቀ ነበር።

ፍሎሪዳ ውስጥ ያለችውን፣ በዲዝኒ ፓርክ የታወቀችውን ኦርላንዶን እያነሱ ለሚከራከሩ አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ዲዝኒ እዚያ 11,000 ሔክታር ገደማ መሬት በራሱ ገንዘብ ገዝቷል፤ በ1967 በሕግ የተቋቋመለት ልዩ ወረዳ መንገዱንም፣ ፍሳሹንም፣ እሳት አደጋውንም የሚሠራው ከዚያው መሬት ባለቤት በሚሰበስበው ነበር። በሩ የተከፈተው በ1971 ነው። «እንደ ኦርላንዶ እንሆናለን» የሚል አልሚ መሬቱን በነፃ፣ መንገዱን በከተማው ወጪ የሚጠይቅ ከሆነ ምሳሌው ራሱ ይመሰክርበታል።

የከሸፉት ላይ ትንሽ ቆይታ ያስፈልጋል፤ ምክንያታቸው ይለያያልና። ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት በ1984 አውቶወርልድ የሚባል፣ በጣሪያ ሥር ያለ የመኪና ታሪክ ፓርክ ተከፈተላት። የመኪና ፋብሪካ ሥራ እየጠፋ ላለ ከተማ የታሰበ መድኃኒት ነበር። ስድስት ወር ገደማ ሠርቶ ተዘጋ፤ ሕንፃው በ1997 ፈረሰ። ችግሩ ጭብጡ ነው፦ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ስለ ፋብሪካ ለማየት ከፍሎ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ያየም የሚመለስበት አዲስ ነገር አላገኘም። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሚርትል ቢች የተሠራው የሮክ ሙዚቃ ፓርክ ደግሞ ሌላ በሽታ ነበረበት። 400 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2008 ጸደይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ኪሳራ አወጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች በሌላ ስም ቢከፍቱትም አንድ የሥራ ወቅት አልፎ አልሄደም። ቱሪስት ያልነበረበት ቦታ ግን አልነበረም፤ የባሕር ዳርቻው በሰው የተሞላ ነው። ያ ሕዝብ የመጣው ለባሕሩ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ ነፃ ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ ቱሪስት ሁሉ ገበያ አይደለም።

ኒው ኦርሊንስ ግን ለከተማ አስተዳዳሪ ከሁሉም በላይ መጠናት ያለባት ናት። በ2000 ጃዝላንድ የሚባል ፓርክ ከተከፈተ በኋላ በ2002 ድርጅቱ ኪሳራ ገባ፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውሉን ተረክቦ በራሱ ስም ማስኬድ ጀመረ፤ በ2005 የካትሪና ማዕበል ግቢውን አጥለቀለቀው። ኩባንያው አልመለሰውም። መሬቱ በከተማዋ እጅ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ጥበቃውም፣ እየገቡ የሚጎዱ ልጆች ጉዳይም፣ «ምን እናድርገው» የሚለው ተደጋጋሚ ጨረታም፣ የከተማዋ ራስ ምታት ሆነ። የማፍረሱ ሥራ የተጀመረው በ2024 ነው። ወደ ሃያ ዓመት።

በሌላ ወገን የሚያስቀኑም አሉ፤ ሚስጥራቸው ግን ከኮስተሩ ቁመት ጋር ግንኙነት የለውም። ኮፐንሃገን ያለው ቲቮሊ ከ1843 ጀምሮ በከተማዋ እምብርት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው ያለው። ስምንት ሔክታር ገደማ ብቻ ነው። በእግርና በባቡር ስለሚገባ የመኪና ማቆሚያ ባሕር አያስፈልገውም፤ የአትክልት ቦታው፣ ምግብ ቤቶቹና ኮንሰርቱ ምንም ጨዋታ ላይ የማይወጣውን አዛውንት ጭምር ያስገባሉ። ሆላንድ ውስጥ ኤፍቴሊንግ በ1952 የተረት ጫካውን ሲከፍት ግዙፍ ማሽን አልነበረውም፤ ዛሬም ባለቤቱ ፋውንዴሽን ስለሆነ ትርፉ ወደ ፓርኩ ይመለሳል። ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ዱ ፉ በ1978 የጀመረው የገጠር ሰዎች በበጎ ፈቃድ በሚሠሩት የሌሊት የታሪክ ትርኢት ነበር፤ የቀኑ ፓርክ የተጨመረው ሕዝቡ መምጣቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ሦስቱም በትንሹ ጀምረው በገቢያቸው አደጉ። አንድ ከተማ 20 ጨዋታ በአንድ ቀን እንዲከፍት ሲጠየቅ ሦስቱንም ያስታውስ። የፓሪሱ ዲዝኒላንድ እንኳ፣ መንግሥት የከተማ ባቡሩን እስከ በሩ ድረስ ዘርግቶለት በ1992 ቢከፈትም፣ ከነ ስድስት ሆቴሎቹ በአንድ ጊዜ በመሠራቱ ዕዳው በ1994 እንደገና መደራደር ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ግቢው ውስጥ ወይን አይሸጥም ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ! በሚቀጥለው ዓመት ተፈቀደ።

ብዙ ጥናት ውስጥ የማይገኘው ወጪ ጥገናና እድሳት ነው። ጎብኚ በመክፈቻው ዓመት ጎርፎ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይቀንሳል፤ የሚመለሰው አዲስ ነገር ሲኖር ነው። ከዓመት ገቢው ከ5 እስከ 10 በመቶ ለአዲስ ጨዋታና ለእድሳት የማይመድብ ፓርክ ያረጃል፤ በጀቱ በምክር ቤት የሚጸድቅ ፓርክ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጥበት ይኸው መስመር ነው። ከተማ ፓርክ ራሱ ማስኬድ የማይገባው ዋናው ምክንያትም ይህ ይመስለናል። ትምህርት ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ ለሮለር ኮስተር ጎማ በጀት ይጽደቅ ብሎ ደፍሮ የሚቆም የምክር ቤት አባል የለም። መቆም አለበትም አንልም።

ጎማው ግን ቀልድ አይደለም። የኮስተር ጎማ ዙሪያው ፖሊዩሬቴን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሰ ነው፤ በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። በየጠዋቱ መካኒኩ ሐዲዱን በእግሩ ይሄዳል፤ ጎማ፣ ብሎን፣ የመጎተቻውን ሰንሰለት ውጥረት፣ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ጥርስ፣ የፍሬኑን ሸራ ያያል፤ ባዶ ባቡር ደጋግሞ ያስኬዳል፤ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለአስኬጁ የሚያስረክበው። በዓመት አንዴ ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ብየዳዎቹ በማግኔት ወይም በአልትራሳውንድ ይመረመራሉ። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ ወራት ይፈጃል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የተቀያሪ ጎማ ስብስብ መጋዘን ውስጥ የሌለው ፓርክ ደማቁን ወር ዋናው ጨዋታ ቆሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ርካሽ ያገለገለ ኮስተር ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የጥገና መዝገቡና የአምራቹ መመሪያ ነው፤ ሁለቱ ከሌሉ ብረት በኪሎ መግዛት ነው።

ደኅንነቱ ላይ ከተማው ሊያውቀው የሚገባ አንድ መርሕ አለ። የኮስተር ሐዲድ «ብሎክ» በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም፤ የባቡሮቹ ቁጥርም ሁልጊዜ ከብሎኮቹ ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት። ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ብሎክ ባዶ ካልሆነ ኋላ ያለውን ባቡር ያቆማል። ሰኔ 2015 እንግሊዝ ውስጥ አልተን ታወርስ ፓርክ ስማይለር የተባለው ኮስተር ላይ ኮምፒውተሩ በትክክል አቁሞ ነበር፤ ሐዲዱ ላይ ቆሞ የቀረ ባዶ ባቡር መኖሩን ያላወቁት ቴክኒሻኖች ማቆሚያውን አልፈው 16 ሰው የያዘውን ባቡር ለቀቁት። ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸው ተቆረጠ፤ ኩባንያው በ2016 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ማሽኑ አልተሳሳተም። ለከተማው የሚተርፈው ጥያቄ ቀላል ነው፦ እንዲህ ያለ ማቆሚያ ሲታለፍ የሁለተኛ ሰው ማረጋገጫና ፊርማ የሚጠይቅ የጽሑፍ ሥርዓት አለ ወይ? የፈቃዱ መመዘኛ ደግሞ ከባዶ አይጻፍ፤ የአውሮፓው ኢኤን 13814 እና ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 17842 ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። መርማሪው ገለልተኛ ይሁን፤ ደመወዙን ፓርኩ የሚከፍለው መርማሪ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ከተማው አሁንም ከፈለገ ውሉ ላይ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ። መሬቱ ይከራይ እንጂ አይሸጥ፤ ኪራዩ ቋሚ መነሻና ከጠቅላላ ሽያጭ የሚታሰብ መቶኛ ይኑረው። ከትርፍ አይታሰብ፤ ትርፍ በሒሳብ ሹም እጅ በቀላሉ የሚጠፋ ነገር ነው። የግብር እፎይታ ከተሰጠ ከተቆጠረ ቋሚ ሠራተኛና ከተከፈለ ደመወዝ ጋር ይታሰር፤ ካልተሟላ የሚመለስ ይሁን። መንገድና ቦይ ከአልሚው ይምጣ፤ ከተማው መሥራት ካለበትም እነዚያው መንገዶች ፓርኩ ባይኖርም ለነዋሪው የሚያስፈልጉ ይሁኑ። አንዱ በር ወደ ከተማው ይዙር፤ በእጅ ማኅተም ወጥቶ መመለስ ይፈቀድ፤ ያኔ ነው ከአጥሩ ውጭ ያለው ምግብ ቤት ምሳ የሚሸጠው። ግንባታው በምዕራፍ ይሁን፤ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚፈቀደው የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ጎብኚ ተቆጥሮ ነው።

ሁሉም የሚዘለው የመጨረሻው አንቀጽ የማፍረሻ ዋስትና ነው። ጃፓን ውስጥ ናራ የነበረው ድሪምላንድ በ1961 ተከፍቶ በ2006 ተዘጋ፤ ከነሐዲዱ ዝጎና አረም ውጦት ቆሞ፣ ከተማው ባልተከፈለ ግብር በ2013 ወሰደው፤ በ2015 በጨረታ ተሸጦ ማፍረሱ በ2016 ተጀመረ። ዋስትናው የሚሠራው አልሚው ገንዘብ ባለው ጊዜ ነው፦ የማፍረሻው ወጪ በገለልተኛ መሐንዲስ ተገምቶ፣ ገንዘቡ ግንባታው ሳይጀመር በባንክ ታግዶ ይቀመጥ፤ በየአምስት ዓመቱም እንደ ዋጋው ይከለስ። አልሚው ለዚህ አንቀጽ ብቻ አልፈርምም ካለ፣ ፓርኩ ሲዘጋ ማን እንዲያፈርስለት እንዳሰበ ከወዲሁ ታወቀ።